አባ ታከለ እሳት የጫሩ ቀን

በዚህ ዘመን እሳት ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ስልክ ነው። ለመደወል እንዳይመስላችሁ። ለመቅረጽ ነው። ጭሱ ገና ከሣሩ ቀና ሳይል ሰው ሁሉ ሚርፔሴቱ ላይ ይወጣል (ሰገነት ማለቴ ነው፤ እኛ እስራኤል አገር ያለን የኔታንያ ሰዎች ግማሹን አማርኛችንን በዕብራይስጥ ለውጠን ስለጨረስን ይቅር በሉን)፣ ክንዱን ዘርግቶ ይቀርጻል፣ ለእህቱ ይልካል፣ ለሥራ ጓደኞቹ ይልካል፣ ምን እንዳሉት ለማየት ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ እሳት አደጋ የጠራ ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቀው። የድሮ ሰው እሳት ሲያይ ኡኡ ይል ነበር። ኡኡታ ቢያንስ ጎረቤት ይጠራል። ቪዲዮ የሚጠራው ሌላ ቪዲዮ ነው።

ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ አልደብቃችሁም። ለመናደድ ደግሞ መብቱ አለኝ፤ እሳት አጥፊ ነኝና።

ደሞዝተኛ እሳት አጥፊ ግን አይደለሁም። እንጀራዬ ያለው ሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ነው፤ እዚያ ካርቶን የሚያጥፍ ማሽን ስጠብቅ እውላለሁ። ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የገበሬዎች መንደር፣ ሞሻቭ በሚሏት፣ አንድ መኪናና ጥቂት ሰዎች ባሏት ጣቢያ በፈቃዴ አገለግላለሁ። ስልኬ ላይ ጥሪው ሲጮህ የጎረስሁትን ሳልውጥ እሮጣለሁ። ጀግንነት ካሰባችሁ ግን ተሳስታችኋል። እኔ ከመስኖ ቦይ ፈረስ ጎትቼ አውጥቻለሁ። ከተጨማደደ መኪና ሰው እስኪወጣ ድረስ እጁን ይዤ ስለ ልጆቹ ሳስወራው ቆይቻለሁ። በር ዘግተው የወደቁ አሮጊቶችን በመስኮት ገብቼ አንስቻለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ከነሙሉ ልብሴ፣ ከነራስ ቁሬ፣ ደረጃ ላይ ያገኘችኝ ሴትዮ «ዛሬ ሦስተኛውን ፎቅ ነው የምትወለውዪው?» ብላ ጠየቀችኝ። መጥረቢያ ይዤ ነበር። በመጥረቢያ ወለል የሚወለውል ሰው የት እንዳየች እሷ ታውቃለች።

የገዛ ወገኖቼም አይምሩኝም። አክስቴ በየሰንበቱ «ሴት ልጅ እሳት ስታነድ እንጂ ስታጠፋ የት አይተሻል?» ትለኛለች። የሷን አፍ ማጥፋት የሚችል ቱቦ ገና አልተሠራም።

አሁን ወደ አባ ታከለ ልምጣ።

አባ ታከለ ኤይን ሀትኽሌት በሚባል ሰፈር ከእኛ ቤት በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሰባ አምስትን ያለፉ የጎንደር ገበሬ ናቸው። «ገበሬ ነበሩ» አላልሁም። ገበሬነት ጡረታ የሚወጡበት ነገር አይደለም። እዚህ አገር ዕድሜያቸውን የፋብሪካ ወለል ሲጠርጉ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ከሰፈራችን ጫፍ፣ ሕንጻው አልቆ እሾህና ደረቅ ሣር ከሚጀምርበት ሜዳ ላይ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን መሬት መርጠው ቆፈሩ። ቃሪያ፣ ጎመን፣ ጥቂት በቆሎ፣ ጥግ ላይ ጌሾ። ውሃውን ከቤታቸው በጀሪካን ሞልተው፣ ሴቶች ገበያ በሚጎትቷት ባለ ሁለት ጎማ ቦርሳ እየጎተቱ ያደርሳሉ። ከአትክልቱ ጀርባ የሽቦ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ ጋን የሚሉት መዋለ ሕጻናት አለ፣ የሰፈሩ ሕጻናት የሚውሉበት። ሕጻናቱ በሽቦው ቀዳዳ ጣታቸውን እያሾለኩ «ሳባ! ሳባ!» ይሏቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። እሳቸውም የበቆሎ እሸት ይሰጧቸዋል። ትርጉም የማያስፈልገው ንግግራቸው ይኸው ነበር።

ያን ቀን ሻራቭ የሚባለው የበረሃ ንፋስ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። እኔ ዕረፍት ስለነበርሁ ገበያ ሽንኩርት እመርጣለሁ። ስልኬ ጮኸ። የሣር እሳት፣ ኤይን ሀትኽሌት ጫፍ፣ አጠገቡ ሕጻናት አሉ። ልብሴ ሁልጊዜ ከመኪናዬ ኋላ ስለማይጠፋ ሽንኩርቱን ለሻጩ ትቼለት በቀጥታ ወደ ሜዳው ነዳሁ። መንገድ ላይ ያሰብሁትን አልነግራችሁም። ሻራቭ ሲነፍስ የሣር እሳት ከሰው ሩጫ ይፈጥናል።

ስደርስ የጣቢያችን መኪና ቀድሞኛል። አዛዣችን ኤሊ ቱቦውን ዘርግቶ ቆሟል፤ ውሃ ግን አይረጭም። የሚረጭበት ነገር አልነበረምና። ሜዳው ከሩቁ ዳር ጀምሮ ከስሎ ይጨሳል፤ አባ ታከለ አትክልት ጋ ሲደርስ ግን ሰው በገመድ የለካው ይመስል ቀጥ ያለ መስመር ላይ እሳቱ ሞቷል። ከመስመሩ ወዲህ ጎመኑ እንደለመለመ ነው። ከአጥሩ ወዲያ መምህራኑ ሕጻናቱን አንድ ገመድ አስይዘው በሰልፍ ያስወጣሉ። ኤሊ የመስመሩን ርዝመት በዓይኑ እየለካ «ይህን ማን ሠራው?» አለ። እኛ አልሠራነውም።

አባ ታከለ ከአትክልታቸው መካከል ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቅንድባቸው የለም። የአንድ እግራቸው ጫማ ሶል ቀልጦ አፈር ይዟል።

«ዝናሽ፣ ልጆቹ ወጡ?» አሉኝ።

«እየወጡ ነው አባ።»

«እንግዲያው ውሃ ስጭኝ።»

የሆነውን እየጠጡ ነገሩኝ። አረም ሲነቅሉ ጭስ ሸተታቸው፤ ቀና ሲሉ እሳት ከሜዳው ማዶ ተነስቶ ንፋሱ ወደሳቸው፣ ወደ አጥሩ እየነዳው ነው። ወደ እሳት አደጋ ደወሉ። አልሰሟቸውም። ደግመው ደወሉ፤ ያው ነው። ከዚያ ወዲያ በአገራቸው አዝመራ ላይ ሰደድ እሳት ሲመጣ የሚደረገውን አደረጉ። በዚያ ዕድሜያቸው ወደ እሳቱ ሮጡ፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከነበልባሉ አቀጣጠሉ፤ ተመልሰው ከአትክልታቸው ፊት ለፊት ያለውን ደረቅ ሣር በገዛ እጃቸው ለኮሱት።

እብደት ይመስላል። አይደለም። ከኋላቸው ያለው መሬት የታረመ፣ ውሃ የጠጣ ስለሆነ እሳት አይዘውም። የለኮሱት እሳት ያለው መንገድ ወደፊት፣ ወደ ትልቁ እሳት ብቻ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ የሚበሉት አጡ፤ ሞቱ። የዘለለውን ፍንጣሪ እሳቸው በቅጠል እየመቱ ጨረሱት። እኛ ይህን ብልሃት ኮርስ ላይ ግማሽ ቀን ተምረነዋል፤ በሥዕል፣ በቀይና በሰማያዊ ቀስት። ሲጨርስ አስተማሪው «እናንተ እንዳትሞክሩት፤ የባለሙያ ሥራ ነው» ብሎናል። ባለሙያው እንግዲህ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አልናደድም፣ እናንተም ይህን አታነቡም ነበር። ፖሊሶች መጡ። ከኋላቸው ከፊት ለፊቱ ሕንጻ የወረደች ሴትዮ ስልኳን አንስታ ትከተላቸዋለች። የልጇ ልጅ ጋኑ ውስጥ ነበር። «እሱ ነው» አለች። «ቀርጬዋለሁ።» አየነው። አንድ ጥቁር ሽማግሌ የሚነድ ቅርንጫፍ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሣሩን ሲለኩስ። አለቀ። ከዚያ በፊት የሮጡት ሩጫ የለበትም። ከዚያ በኋላ በቅጠል የመቱት የለበትም። የልጅ ልጇ እዚያ ያለባት ሴት በመፍራቷ አልፈርድባትም። የምፈርደው ፖሊሶቹ ቪዲዮውን ገና አይተው ሳይጨርሱ ለሰፈሩ ሁሉ በመላኳ ነው። ከሥሩ ምን ብላ እንደጻፈች ልንገራችሁ፤ «ኢትዮጵያዊ ጋናችንን ሊያቃጥል ሲል ተያዘ።» ሰዎቹ ስም የላቸውም እንዴ?

ኤሊን በክንዱ ያዝሁት። ያየኸውን ንገራቸው አልሁት። ቀጥ ያለውን መስመር አሳያቸው አልሁት። እሱ ጫማውን ጫማውን እያየ፣ ይህ ምርመራ ነው፣ በጎ ፈቃደኛ በምርመራ ነገር አይገባም አለኝና ቱቦውን መጠቅለል ጀመረ። ውሃ ያልነካውን ደረቅ ቱቦ። አባ ታከለ በአንድ እግራቸው ደህና ጫማ፣ በአንዱ የቀለጠ ጫማ እያነከሱ ፖሊስ መኪና ውስጥ ገቡ። የመኪናው በር እስኪዘጋ ድረስ ሰላምታ ሲሰጡ ነበር።

መርማሪው አማርኛ አያውቅም። አስተርጓሚ በስልክ ተገኘላቸው፤ ከተማ ያደገ፣ ጨዋ አማርኛ የሚናገር፣ ፊታቸውን ያላየ ሰው። መርማሪው እሳቱን ከየት አመጡት ብሎ ጠየቀ። አባ ታከለ «ከዚያው ከእሳቱ ጫርሁ» አሉ። የጎንደር ገበሬ ምድጃው ሲጠፋበት ጎረቤት ሄዶ እሳት ይጭራል፤ ካለ እሳት ላይ ፍም ወስዶ ይመጣል ማለት ነው። ከተማ ያደገ ሰው ግን «ጫረ» ሲባል የሚያውቀው ጦርነት የጫረውን፣ ጠብ የጫረውን ነው። አስተርጓሚውም «እሳቱን የጫርሁት እኔ ነኝ ይላሉ» ብሎ በዕብራይስጥ አስተላለፈ። ተጻፈ። ፈርሙ ተባሉ። ፈረሙ። የአገራችን ሰው ምላስ ያለው ጤፍ ይቆላል ይላል። ምላስ የሌለው ራሱ ይቆላል።

ወደ ሜዳው ድርሽ እንዳይሉ ተብለው ወደ ቤታቸው ተለቀቁ። ወደ ቤት መለቀቅ ከመታሰር ይሻላል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሰንበት ደረሰና ምኩራብ ሄዱ። የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። አንድ ሽማግሌ፣ አብረዋቸው ከአንድ መንደር የመጡ፣ እኔ እየሰማሁ «ስማችንን አጠፋው» አሉ። ይህን ያለው ነጭ አይደለም፤ እኛው ነን። በስልካችን ያየነውን አምነን፣ ዕድሜ ልካችንን ያየናቸውን ሰው ካድን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ሴትዮዋ ላይ ያለኝ ንዴት አንድ እጅ ከሆነ እዚያ አግዳሚ ላይ ያለኝ ንዴት ሁለት እጅ ነው። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ ተነስቼ አጠገባቸው የተቀመጥሁት ዘግይቼ ነው።

አባ ታከለ ጀሪካኑን እንደ ወትሮው ጧት ጧት ይሞላሉ። ሞልተው በራቸው ላይ ያስቀምጡታል። የሚሄዱበት የለም። ማታ ደፍተውት ጧት እንደገና ይሞላሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ጀሪካኑ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸውና አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። የጀሪካኑን ክዳን አጠበቁና፦

«ልጄ፣ እሳት ለኳሽ ተብዬ አልሙት» አሉኝ። «ሌላ ምንም አልፈልግ።»

በማግስቱ ኤሊ ጋ ሄድሁ። አልጮህሁም። ወይ አሁን ተነስተህ ሜዳውን ከኔ ጋር ትሄዳለህ፣ ወይ ልብሴን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ አልሁት። ቆቡን አነሳ።

ኤሊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ ልዩነቱ ግን ለሚቃጠል ሰው ብዙም አይታወቅም። ሜዳው ላይ ግን ዓይኑ ሌላ ነው። ተንበርክኮ የሣሩን ጉቶ አንድ በአንድ ከየት በኩል እንደከሰለ አየ። ትልቁ እሳት የመጣበትን፣ ትንሹ የሄደበትን፣ የተገናኙበትን ቦታ አሳየኝ። ከዚያ እሳቱ ወደተነሳበት ወደ ማዶው ዳር ሄድን። እዚያ የተቆራረጠ ብረትና ያለቁ የብረት መቁረጫ ዲስኮች ተጥለዋል። በሻራቭ ቀን፣ በደረቅ ሣር መካከል አንድ ሰው ብረት ሲቆርጥ ውሏል። ፍንጣሪው እንዴት እንደሚረጭ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሱን የቀረጸው አልነበረምና።

ስንመለስ ኤሊ ጥቁሩ መስመር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይህን እኔ ሠርቼው ቢሆን ሜዳሊያ እጠይቅ ነበር» አለ።

«አሁን የምትጠይቀው አባ ታከለ ለእሳት አደጋ የደወሉበትን የድምፅ ቅጂ ነው» አልሁት። ጠየቀ። ሪፖርቱንም ጻፈ፤ ከነሥዕሉ፣ ከነቀስቱ።

ቅጂው የተሰማ ቀን መርማሪው ቢሮ ውስጥ አራት ነበርን፤ እሱ፣ ኤሊ፣ አባ ታከለ፣ እኔ ለማስተርጎም። አሁን ልብ በሉልኝ። በዕብራይስጥ እሳት «ኤሽ» ነው። እንደ አባ ታከለ ያሉ የአገር ቤት ሰዎች ግን ቃል በ«ኤ» ሲጀምር አንደበታቸው አያነሳውም፤ «የ» ያደርጉታል። «የሽ» ይሆናል። «የሽ» ደግሞ በዕብራይስጥ «አለ» ማለት ነው። ሰው ጎል ሲያገባም፣ ደስ ሲለውም «የሽ!» ይላል። እንግዲህ የቀረጻው ድምፅ ይህ ነው። እየሮጡ ያሉ ሽማግሌ፣ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ፣ የሚያውቋትን የዕብራይስጥ ቃል ይዘው «የሽ! የሽ!» ይላሉ። አለ፣ አለ። መስመሩ ላይ ያለችው ልጅ «ምን አለ?» ትላለች። «የሽ! ትልቅ የሽ!» ይላሉ። ትልቅ አለ። «ጌታዬ፣ ምን አለ?» አሁን ዕብራይስጡ ያልቅባቸውና በአማርኛ «ልጆች አሉ፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ልጆች አሉ» ይላሉ። ልጅቱ ይህ መስመር የጨዋታ አይደለም ብላ ትዘጋዋለች። ሁለተኛውም ያው ነው፤ አጠር ይላል እንጂ።

እኔ ይህን ሁሉ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለስሁ። «ልጆች አሉ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተረጎምሁት። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኤሊ ወደ መስኮቱ ዞረ። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ የነበሩት አባ ታከለ ብቻ ናቸው የተናገሩት።

«ልጅቱ ምን ታድርግ» አሉ። «እኔም ተጣድፌ ነው የተናገርሁት።»

ይህን አልተረጎምሁም። አልቻልሁም። እሳቸው ይቅር ሊሏት ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁም። ልጅቱን አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ለእነዚህ ሽማግሌዎች በቋንቋቸው «ምን ሆኑ?» የሚል አንድ ሰው መስመሩ ላይ ማስቀመጥ ያልታየውን ሁሉ ነው።

ፋይሉ ተዘጋ። መርማሪው «መሄድ ይችላሉ» አላቸው። ይቅርታ የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ አጭር ነው፤ እሱ ግን አልተገኘለትም። እኔ እውነቱን ጽፌ ቪዲዮው ወደ ዞረበት የሰፈር ቡድን ላክሁት፤ ልጆቻችሁን ያዳኑት እኚህ ሰው ናቸው ብዬ። አንድ ሰው አውራ ጣት አደረገልኝ። ከሱ ቀጥሎ አንዲት ሴት ድመቷ እንደጠፋች ጻፈች፤ ለድመቷ ሰፈሩ ሁሉ ተነሳ። ምኩራብ ውስጥ ግን «ስማችንን አጠፋው» ያሉት ሽማግሌ መጥተው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አባ ታከለ በትከሻቸው ይዘው አነሷቸው። አክስቴ እንኳ አንድ ሰንበት ሙሉ ዝም አለችኝ።

አሁን ሁሉ ነገር ደህና ሆነ ብላችሁ እፎይ እንዳትሉ። የኤሊ ሪፖርት በጣም ጥሩ ሪፖርት ነበር። ጥሩ ሪፖርት ደግሞ ሰው ያነበዋል። የበላይ ሰዎች ያንን ቀጥ ያለ መስመር በሥዕል አዩት፤ ጋኑን ለማዳን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ተባለ፤ ከእንግዲህ በየዓመቱ ከበጋው በፊት እዚያ ላይ መሬቱ ይታረስ፣ እሳት የሚበላው እንዳያገኝ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። በዚያው መስመር። በአባ ታከለ ቃሪያ፣ በጎመናቸው፣ በጌሿቸው ላይ። የማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው መሬት በአንድ ሳምንት ውስጥ ባለቤት አገኘ።

ትራክተሩ የመጣ ጧት ከሥራ ቀርቼ ሜዳው ላይ ቆምሁ። ምን እንዳደርግ አስቤ እንደመጣሁ አላውቅም። ከማረሻው ፊት ልተኛ፣ ኤሊን ልጥራ፣ አንድ ነገር። አባ ታከለ ቀድመውኝ ነበር። ቃሪያውን ሁሉ ነቅለው በዚያች ባለ ጎማ ቦርሳ ሞልተዋል። ዱላቸውን ተደግፈው መስመሩን ያያሉ።

«ይህ ግፍ ነው አባ» አልኋቸው።

«ምኑ ነው ግፍ? እኔም ብሆን እዚሁ ነበር የማርሰው» አሉ። ከዚያ ትራክተሩን ትንሽ አዩና ፊታቸው ተኮሳተረ። «ሰውየው ግን መሬቱን እየፋቀው ነው፤ እንዲህ አይሆንም፤ ሥሩ ይቀራል። ጥልቅ አድርገህ እረስ በይው።»

ሄጄ ነገርሁት። ሹፌሩ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ዱላ ተደግፈው ወደቆሙት ሽማግሌ ተመለከተ።

«የሥራው ኃላፊ እሱ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት።

ሹፌሩ ለአባ ታከለ እጁን አነሳና ማረሻውን ዝቅ አደረገ።